ልጅዎ የለቀመውን የዱር ፍሬ ያውቁታል?

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ እናትም አባትም ሥራ ውለው ለሚገቡበት ቤት ትልቁ ጭንቀት ልጆቹን ማን ዘንድ እናውላቸው የሚለው ነው። አገር ቤት ወገን ላለው ቤተሰብ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከአያት ቤት አያልፍም። ስለዚህም ከአዲስ አበባም ሆነ ከባሕር ዳር ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ቡሬና ወደ ወምበርማ ከሚጓዙት መካከል የእረፍት ጊዜያቸውን ገጠር የሚያሳልፉ የከተማ ልጆች አይታጡም። ይህ ደግ ልማድ ነው። ልጅ ላም ሲታለብ ያያል፤ እሸት ሲጠበስ ይበላል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ አያቱን ያውቃል። እኛም ነገሩን የምናነሣው ልማዱን ለመንቀፍ አይደለም።

ነገር ግን ልጁ በደረሰ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ከእረኞች ጋር መስክ ይወጣል። እነሱ ሲለቅሙ ይለቅማል፤ ሲበሉ ይበላል። እስከዚህ ድረስ ክፉ የለም። ክፉው የሚመጣው በማግሥቱ ብቻውን ሲወጣ ነው። የእረኛው ልጅ የሚበላውን ተክል ከነእሾሁ፣ ከነቅጠሉና ከነበቀለበት ቦታ ጭምር ያውቀዋል። የከተማው ልጅ ግን በዓይኑ የያዘው የፍሬውን ቀለም ብቻ ነው። ለእሱ ጥቁርና ክብ የሆነ ሁሉ አጋም፣ ቢጫና ክብ የሆነ ሁሉ ኮሽም ነው። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው።

ምዕራብ ጎጃም የበቆሎና የበርበሬ አገር ነው። በጃቢ ጠህናን፣ በቡሬ ዙሪያና በወምበርማ ሜዳ ሜዳው ታርሷል። የዱር ፍሬ የተረፈው በእርሻ ድንበር፣ በላህና በብር ወንዞች ዳር፣ በገደል አፋፍ፣ ይልቁንም በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው። እንዲህም ሆኖ ለልጅ የሚበቃ ሞልቷል። አጋም፣ እንጆሪ፣ ቀጋ፣ ኮሽም፣ እንኮይ፣ ዶቅማ፣ ሾላና ዋንዛ በየጊዜያቸው ይበስላሉ፤ የሚበስሉበት ወር እንደ ቆላነቱና እንደ ደጋነቱ ይለያያል።

እንጆሪ ስንል በከተማ ሱቅ በኪሎ የሚሸጠውን ቀዩን የፈረንጅ እንጆሪ ማለታችን አይደለም። ግንዱ ሐረግ መሳይና እሾሃማ፣ ፍሬው ከብዙ ጥቃቅን እንክብሎች ተጠጋግቶ የተሠራ፣ ሲበስልም የሚጠቁረው የዱር እንጆሪ ነው። ከዘረዘርናቸው ሁሉ በቀላሉ የሚለየውም እሱ ስለሆነ ለትንሽ ልጅ መጀመሪያ ሊያሳዩት የሚገባው ፍሬ ይኸው ነው። ዶቅማ ወንዝ ዳር የሚወድ ትልቅ ዛፍ ሲሆን፣ ፍሬው አንድ ፍሬ ብቻ በውስጡ ይዞ ሲበስል ጥቁር ወይን ጠጅ ይሆናል፤ የበላውን ልጅ ምላሱን አይቶ ማወቅ ይቻላል። ዋንዛ ቢጫ ፍሬው ጣፋጭና እንደ ሙጫ የሚለጠልጥ ነው። ከወንበርና ከበር ሌላ ለምንም የማይሆን ለሚመስላቸው የከተማ ሰዎች የዋንዛ ፍሬ ይበላል ሲባል ይገርማቸዋል። ኮሽም እሾሃም ሲሆን፣ ቢጫ ወይም ብርቱካንማ ፍሬው ከሥሩ እንደ ትናንሽ ቅጠል ያለ የአበባ ቅሪት ይይዛል፤ ጣዕሙ አፍ የሚያኮማትር ነው።

ስለ ቀጋ ትንሽ ሰፋ አድርገን ብንናገር ይገባዋል። ቀጋ የጽጌረዳ ወገን ነው፤ ያውም ከሰሃራ በስተደቡብ በሚገኘው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅል የጽጌረዳ ዘር እሱ ነው። ነጭ አበባው ረግፎ የሚቀረው ቀይ ፍሬ በቫይታሚን ሲ የበለጸገ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዝ ብርቱካን ከውጭ ማስገባት በተሳናት ጊዜ፣ ከ1941 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሴቶችና የትምህርት ቤት ልጆች ተሰማርተው የዱር ጽጌረዳ ፍሬ እንዲለቅሙ ተደርጎ ለሕፃናት ሽሮፕ ይሠራበት ነበር። የእኛ እረኞች ያለ መንግሥት ትእዛዝ ሲለቅሙት ኖረዋል። ቀጋ ሲበላ ግን አንድ ጥንቃቄ አለው። ሥጋው ብቻ ነው የሚበላው። በውስጡ ያሉት ፍሬዎች በጥቃቅን ጸጉር የተሸፈኑ ስለሆኑ ጉሮሮንና አንጀትን ይቆጠቁጣሉ፤ ስለሆነም ተሰንጥቆ፣ ፍሬው ተራግፎና ታጥቦ መበላት አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። አጋምን እንግለጸው። ቅጠሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚበቅል፣ ወፈር ያለና የሚያብረቀርቅ ነው። አበባው ነጭ ሆኖ ሮዝ ቀለም የነካው ሲሆን መዓዛው ደስ ያሰኛል። ቅርንጫፉ ሲሰበር ነጭ ወተት ያወጣል። ፍሬው ጥሬ ሳለ አረንጓዴ ነው፤ ቀጥሎ ይቀላል፤ ሲበስል ወደ ጥቁር ወይን ጠጅ ይለወጣል። ይህን ሁሉ ቃል ሳንለውጥ ደግመን ብንጽፈው፣ ምሬንዝ የሚባለውን ተክል መግለጫ እናገኛለን። ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። አንዱ ግን የልጆች ማጣፈጫ ሲሆን፣ ሌላው በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ለዘመናት ቀስታቸውን የቀቡበት መርዝ ነው።

ምሬንዝ በድንጋያማ ኮረብታና በደረቅ ቁጥቋጦ መሐል ይበቅላል፤ አድጎ ትንሽ ዛፍ ሊሆንም ይችላል። መርዙ ልብን የሚመታ ነው። በዚህ ወገን ተክሎች ውስጥ ከሚገኙት የልብ መርዞች አንዱ በዓለም ሕክምና ዋባይን ተብሎ ሲጠራ፣ ስሙ የተገኘው ጎረቤቶቻችን ሶማሌዎች ለቀስት መርዝ ከሚጠቀሙበት «ዋባዮ» ከሚለው ቃል ነው። በአገራችንም የምትገኝ አንዲት ጸጉራም ትልቅ አይጥ አለች፤ የዚህን ዛፍ ቅርፊት አኝካ ጎኗ ላይ ያለውን ጸጉር ትቀባዋለች። የነከሳት ውሻ ወይ ይሞታል ወይ ሁለተኛ አይነካትም። ይህንን ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. መርምረው ጽፈውታል። የበሰለውን የምሬንዝ ፍሬ የሚቀምሱ ሰዎች መኖራቸው ይነገራል። ጥሬው፣ ቅጠሉ፣ ቅርፊቱና ዘሩ ግን መርዛማ ስለሆኑ፣ በስሏል አልበሰለም እያሉ በልጅ ሕይወት ላይ መፍረድ አይገባም። ተክሉ ሁሉ የተከለከለ ነው ብሎ ማስተማር ይበጃል።

እንግዲህ በምን እንለየው? ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ፣ ማንኩሳ አጠገብ፣ አሥር ዓመት የማይሞላው አንድ እረኛ አጋም ሲለቅም አግኝተነው ይህንኑ ጠይቀነው ነበር። «እትዬ፣ ፍሬውንማ ማን ያየዋል፤ እሾሁን ነው እንጂ» አለን። ከዚህ የተሻለ መልስ ከመጽሐፍም አናገኝም። አጋም ጠንካራ፣ ቀጥ ያለና ሹል እሾህ አለው። ምሬንዝ እሾህ የለውም። አጋም ለቅሞ እጁ ያልተቧጨረ ልጅ ካዩ ምን እንደለቀመ ይጠይቁት።

ይህን ስንል ግን እሾህ ያለው ሁሉ ይበላል ማለታችን አይደለም። እምቧይ እሾህ አለው። ገና ጥሬ ሳለ አረንጓዴ ሆኖ ነጣ ያለ ዝንጉርጉር ይታይበታል፤ ሲበስል ቢጫ ይሆናል፤ የከተማ ልጅ ትንሽ ቲማቲም ሊመስለው ይችላል። «የእምቧይ ካብ» እያልን የምንተርትበት ይኸው ድቡልቡል ፍሬ መርዛማ ነው፤ ያስመልሳል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ከበዛም ራስን ያስታል። ጉመሮ የሚባለውም እንደ መንጠቆ የታጠፈ እሾህ ያለው ቁጥቋጦ ነው። ረዘም ባለ ዘንግ ላይ የሚንጠለጠል ብርቱካንማ ክብ ፍሬ ያፈራል፤ እሱም አይበላም።

ብዙ ወላጆች «ነጭ ወተት ያለው ተክል መርዝ ነው» የሚለውን ይዘው ልጆቻቸውን ያስተምራሉ። ይህም አያዛልቅም። አጋምም ሾላም ነጭ ወተት አላቸው፤ ሁለቱም ይበላሉ። ቁልቋልም ነጭ ወተት አለው፤ የእሱ ወተት ግን ቆዳን ያቃጥላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ብርቱ ሥቃይ ከማምጣቱም በላይ ዓይንን ሊጎዳ ይችላል። «ካጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። የአጋሙ እሾህ እየወጋው ወተቱ ሲንጠባጠብ ያየ ገበሬ የተናገረው ነው። ተረቱ ለእናቶችም የሚነግረው ነገር አለ። አጋምና ቁልቋል አጥር ላይ ጎን ለጎን ይበቅላሉ፤ አጋም ሊለቅም የገባ ልጅ በቁልቋል ወተት የተነካ እጁን ይዞ ዓይኑን ያሻል። ይህ የደረሰበትን ልጅ ዓይን ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውሃ፣ ከሩብ ሰዓት ላላነሰ ጊዜ እያፈሰሱ ማጠብና ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። የጡት ወተት፣ ቅቤ ወይም ሌላ ነገር ዓይኑ ውስጥ አይጨምሩ። የከተማው ልጅ «ቁልቋል» ሲባል ገበያ የሚሸጠው በለስ ሊመስለው ስለሚችልም ልዩነቱን ያሳዩት። በለስ ዝርግ እንደ መዳፍ ያለ አካል ሲኖረው፣ የእኛ ቁልቋል ቀጥ ብሎ የሚያድግና ባለ ብዙ ጠርዝ ነው።

ሌሎችም በየቤቱ የሚነገሩ መለያዎች አሉ። «ወፍ የበላው ሰው አይጎዳም» ይባላል። ወፍ ፍሬውን ውጣ ዘሩን ሌላ ቦታ የምትጥል ፍጥረት ናትና ብዙውን መርዛም ፍሬ ያለ ችግር ትበላለች። ፍየልም ሰው የማይችለውን ብዙ ቅጠል ትችላለች። «መራራ ከሆነ ይተፋዋል» ይባላል። ሁሉም መርዝ መራራ አይደለም፤ ደግሞም የተራበ ወይም ከጓደኛው ጋር የተፎካከረ ልጅ መራራውንም ይውጣል። «ከተቀቀለ ምንም አይልም» የሚሉም አሉ፤ ይህም ለብዙዎቹ መርዞች እውነት አይደለም።

በተመሳሳይ ቅጠል ላይ የሚበላና የማይበላ ፍሬ እንደሚገኝም መታወቅ አለበት። አውጥ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በእርሻና በጓሮ የሚበቅለው የአውጥ ጥቁር የበሰለ ፍሬ በልጆች ሲበላ የኖረ ሲሆን፣ አረንጓዴው ጥሬ ፍሬ ግን ድንች ፀሐይ ሲመታው ከሚያወጣው መርዝ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ መርዝ ይይዛል። አራት ዓመት ያልሞላው ልጅ ጥሬና ብስል አይመርጥም። ስለዚህ ለታናናሾቹ አውጥን ጨርሶ መከልከል፣ ለታላላቆቹ ደግሞ አንድም አረንጓዴነት የቀረበትን እንዳይነኩ ማስጠንቀቅ ይሻላል።

በብርቱ ልናነሣው የምንፈልገው ሌላው ተክል አስተናግር ነው፤ አጤ ፋሪስ የሚሉትም አሉ። ይህ ገጠር መሄድ አያስፈልገውም። ቆሻሻ በሚጣልበት፣ ቤት ፈርሶ ባዶ በቀረ ቦታና በየመንገዱ ዳር በከተማችን ይበቅላል። አበባው ነጭ ሆኖ እንደ ጥሩምባ የረዘመ ነው። ፍሬው የዶሮ እንቁላል የሚያህል፣ ዙሪያውን እሾህ የለበሰ ሲሆን፣ ደርቆ ሲሰነጠቅ የበርበሬ ፍሬ የሚመስሉ ጥቋቁር ዘሮች ይፈስሱበታል። ልጆች እቃ እቃ ሲጫወቱ «ሽሮ»ም «በርበሬ»ም እያደረጉት በመጨረሻ የሚቀምስ አይጠፋም።

የተክሉን ስም ልብ ይበሉ። አስተናግር የተባለው የበላውን ስለሚያስለፈልፍ ነው። ልጁ ፊቱ ይቀላል፤ አፉ ይደርቃል፤ ሰውነቱ ይግላል፤ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፤ ልቡ በኃይል ይመታል፤ ከዚያም የሌለ ሰው እያየ ያወራል፣ ይሮጣል፣ የገዛ እናቱን አያውቃትም። እንዲህ የሆነ ልጅ ሲታይ በቤቱ ውስጥ ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። ቡዳ በላው፣ ለከፈው ይባላል። ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ጭስ ይጨሳል፤ «ማን ነህ? ከየት ለከፍከው?» እየተባለ ልጁ ይጠየቃል፤ እሱም ይለፈልፋል። በዚህ መካከል ሰዓት ይሄዳል። ማንም ሰው እምነቱን እንዲተው አንጠይቅም፤ ጸበሉም ጸሎቱም አይቀርበትም። ነገር ግን ጤነኛ ሆኖ ሲጫወት የዋለ ልጅ በድንገት ሲለፈልፍ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን አየው?» ሳይሆን «ምን በላ? አብሮት ማን ነበር?» መሆን አለበት፤ የመጀመሪያው ጉዞም ወደ ጤና ድርጅት ነው። አብረውት የነበሩት ልጆች ቁጣ ስለሚፈሩ እውነቱን የሚናገሩት ካልተቆጧቸው ብቻ ነው። ይህንንም አያቶች እንዲያውቁት አስቀድሞ መንገር ይገባል፤ ልጁን በላኩበት ቀን ስኳሩንና ቡናውን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ነገር አብረው ይላኩ።

ቀደም ብለን አስተናግር ከተማ ውስጥ ይበቅላል ብለናል። የከተማ ግቢዎች ካነሣን አይቀር፣ ለጌጥና ለጥላ ከምንተክላቸው መካከል ለልጅ የማይመቹ መኖራቸውን ብዙዎቻችን አናስተውልም። የወፍ ቆሎ በአንድ ዘለላ ላይ ብዙ ቀለም ያለው የሚያምር አበባ አለው፤ አረንጓዴ ፍሬው ግን መርዛም ነው። ለአጥር የሚተከለውና ሐምራዊ አበባ አብቦ ወርቅ መሳይ ቢጫ ፍሬ በዘለላ የሚያንጠለጥለው ዱራንታም አይበላም፤ ልጅን እንደ ከረሜላ የሚያማልለው ደግሞ እሱ ነው። ብዙ ሰው በጅምላ ኒም ብሎ ከሚጠራቸው ዛፎች አንዱ፣ ሐምራዊ አበባ ያለውና ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ ቢጫ ፍሬው ዛፉ ላይ የሚቀረው፣ ፍሬው ለሕፃናት አደገኛ ነው። እነዚህን ሁሉ ነቅለው ይጣሉ አንልም። ሕፃን የሚድህበት ግቢ ውስጥ ግን የረገፈውን በየዕለቱ መጥረግ፣ የተንጠለጠለውንም ሳይበስል መቁረጥ ይቻላል።

ጉሎንም አንርሳ። ጉሎ ለምጣድ ማሰሻ በየቤቱ ይቀመጣል፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ መሬት ላይ፣ በቆርቆሮ ወይም በጨርቅ ተቋጥሮ። ዝንጉርጉርና የሚያብረቀርቅ ስለሆነ ልጅ ይወደዋል። ዘሩ ሳይታኘክ ከተዋጠ ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ እንዳለ ሊወጣ ይችላል። የታኘከ እንደሆነ ግን ጥቂቱ እንኳ ለልጅ ሕይወት አስጊ ነው። የጉሎ ክፋቱ ደግሞ ወዲያው አለመታወቁ ነው፤ ማስመለሱና ተቅማጡ ከብዙ ሰዓት በኋላ ሊጀምር ይችላል። ስለሆነም ጉሎ ያኘከ ልጅ ደህና መስሎ ቢታይ እንኳ ሕመሙ እስኪጀምር መጠበቅ አይገባም።

የእንዶድ ፍሬ ከሳሙና በፊት የነበረ ሳሙናችን ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወራጅ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ ከዚያ ተነሥተው እንዶድ የቢልሃርዚያን በሽታ አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም አሳወቁ። በ1989 እ.ኤ.አ. ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙትም በዚሁ ሥራ ነው። እናቶች ለብዙ ዘመን በእጃቸው ሲያሹት የኖሩት ፍሬ ለሳይንስ መነሻ መሆኑ የሚያኮራ ነው። ሆኖም ቀንድ አውጣ የሚገድል ፍሬ ለሰው ሆድ አይመችም። ለማስወረጃ ብለው ደብቀው የሚጠጡት እህቶች ደግሞ ከጽንሱ ጋር የራሳቸውንም ሕይወት ለአደጋ እየሰጡ መሆናቸውን ሳንናገር ማለፍ አንፈልግም።

ልጅ ያልታወቀ ፍሬ በልቶ ቢገኝ ምን ይደረግ? በቅድሚያ አይጩኹበት፤ የደነገጠ ልጅ አፉ ውስጥ ያለውን ይውጠዋል። በአፉ የቀረውን በጣት አውጥተው አፉን በውሃ ያጉመጥምጡት። ጣት ወደ ጉሮሮ ከትቶ ወይም የጨው ውሃ አጠጥቶ ማስመለስ በአገራችን የተለመደ ቢሆንም አይደረግም፤ ትውከቱ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላልና፤ ጨው ራሱም ሕፃንን ይጎዳል። ወተት፣ ዘይት፣ እንቁላል፣ አረቄና ጠላም መድኃኒት አይደሉም። ራሱን ከሳተ በጎኑ ያስተኙት እንጂ በአፉ ምንም አይስጡት።

ከዚያም ወደ ቅርቡ የጤና ድርጅት ይውሰዱት። ገጠር ከሆነ ጤና ጣቢያው ይቀርባል፤ ከበድ ላለው ደግሞ ፍኖተ ሰላምም ቡሬም ሆስፒታል አለ። መንገዱ ሩቅ ወይም የማያስኬድ ቢሆን እንኳ በቀበሌው ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሳይጠሩ አይቆዩ። ስትሄዱ ሦስት ነገር መያዝ አለበት፤ የበላበት ሰዓት፣ በግምት የበላው ብዛትና፣ ከሁሉ የሚበልጠው፣ የተክሉ ቅርንጫፍ። ፍሬውን ብቻ ቆርጦ መውሰድ አይበቃም። ከቅጠሉ፣ ከአበባውና ካለውም ከእሾሁ ጋር ይሁን። የጨረባበሰ ጥቁር ፍሬ አይቶ አጋም ይሁን ምሬንዝ ማወቅ ሐኪምም አይችልም። ልጁ አስመልሶ እንደሆነ ትውከቱንም በፌስታል ቋጥሮ መውሰድ ነውር የለውም።

ይህን ሁሉ ያነበበች እናት «እንግዲያው ልጄ ከአያቱ ቤት ደጃፍ አይወጣም» ብትል አንፈርድባትም። ነገር ግን ክልከላ ብቻውን አይሠራም። የተከለከለ ልጅ ተደብቆ ይለቅማል፤ ተደብቆ የበላ ልጅ ደግሞ ሲታመም አይናገርም። ደግሞስ እነዚህ ፍሬዎች በሐምሌና በነሐሴ ጎተራ ሲራቆት ብዙ ልጅ የተጠለለባቸው ምግቦች ናቸው። አጋምን የማያውቅ ትውልድ ስናሳድግ አጋሙም ለማገዶ እየተቆረጠ ያልቃል፤ ዶቅማውም እንደዚያው። ልጅዎ ፍሬ እንዳይበላ ሳይሆን፣ ስሙን ያላወቀውንና አዋቂ ያላሳየውን እንዳይበላ ያስምሉት። የደረሰበት ዕለት አያቱ ወይም አጎቱ እጁን ይዘው አጥሩንና ወንዝ ዳሩን ያዙሩት፤ የሚበላውን ያቅምሱት፤ የማይበላውንም እያሳዩ ስሙን ያስደግሙት። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። የሰማውን ሳይሆን የነካውንና የወጋውን ልጅ አይረሳም።

ስሙን ስንል ግን አንድ እንቅፋት አለ። ተክል በአንድ ወረዳ የሚጠራበት ስም በሌላው ይለያያል፤ አንዳንድ ጊዜም አንድ ስም ለሁለት ተክል ይሰጣል። ደምበጫ ያለች አያት የምትጠራበት ስም ለደጋ ዳሞቷ እንግዳ ሊሆንባት ይችላል። ምሬንዝ በእናንተ ቀዬ ማን ይባላል? ልጆች ከምን ጋር ያሳስቱታል? ጉመሮንስ በምን ስም ታውቁታላችሁ? አያቶቻችሁን ጠይቃችሁ፣ የወረዳችሁን ስም ጨምራችሁ ለዚህ ዓምድ ብትልኩልን፣ የየአካባቢውን ስም አሰባስበን ትምህርት ቤት ከመዘጋቱ በፊት እናወጣዋለን።